አሮጌ ትራክተር ለምን ይጠገናል?

በእንግሊዝና በአየርላንድ ገጠሮች በበጋ ወራት የተዘዋወረ ሰው፣ ስድሳና ሰባ ዓመት ያስቆጠሩ ትራክተሮች ታጥበውና ተወልውለው በሰልፍ ሲነዱ ሳያይ አይመለስም። ብዙዎቹ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ የቤተሰብ ንብረቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬም ሣር ያጭዳሉ፣ እንጨት ይጎትታሉ። ባለቤቶቹን ብንጠይቃቸው ስለ አያታቸው ይነግሩናል። እኛን የሚያጓጓን ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከሰባ ዓመት በፊት ከፋብሪካ የወጣ ማሽን በቤተሰብ እጅ፣ በጓሮ ውስጥ፣ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊጠገን የቻለው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀውን የፈርጉሰን ትራክተርና ልጁ የሆነውን ማሲ ፈርጉሰን 135ን ይዘን መልሱን እንፈልጋለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፈርጉሰን በፊት ማረሻ ከትራክተር ኋላ በሰንሰለት ወይም በመጎተቻ ብረት ታስሮ ይጎተት ነበር። ማረሻው ከተቀበረ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ የኋላ ጎማዎቹ መዞር ይሳናቸዋል፤ ሞተሩ ግን ማዞሩን አይተውም። ጎማው አልዞርም ካለ የሚዞረው የትራክተሩ አካል ይሆናል። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ፤ ትራክተሩም በኋላ አክስሉ ላይ ተሽከርክሮ ሾፌሩን ከሥሩ ያደርጋል። በ1917 መመረት የጀመረው ፎርድሰን በዚህ አደጋ ስሙ በክፉ ይነሣ ነበር።

በ1884 በሰሜን አየርላንድ የተወለደው ሃሪ ፈርጉሰን ይህን ችግር የፈታው ትራክተሩን በማክበድ አልነበረም። ማረሻውን በሦስት ክንዶች፣ ማለትም ከታች በሁለት ከላይ በአንድ፣ ከትራክተሩ ጋር አዋሐደው። ማረሻው አፈር ሲገፋ ወደፊት የመደፋት ዝንባሌ አለው፤ ስለዚህ የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ከአክስሉ በላይ ሆኖ ወደፊት ይገፋዋል። ይህ ግፊት የፊቱን ጎማ ወደ መሬት ይጫነዋል። በአንጻሩ የማረሻውና በላዩ የሚያርፈው አፈር ክብደት በታችኞቹ ክንዶች በኩል ወደ ኋላ ጎማዎቹ ይተላለፋል፤ ክብደቱ ሲጨምር ሰበቃው ይጨምራል፤ ጎማውም አይንሸራተትም። ከ1100 ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ ትራክተር ከእርሱ እጅግ የሚከብዱትን ሥራ ሊሠራ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚልቀው ብልሃት ግን የጥልቀት መቆጣጠሪያው ነው። የላይኛው ክንድ ከጠንካራ ሞላ ጋር ተያይዟል። አፈሩ ሲጠነክር ሞላው ይጨመቃል፤ የሞላው መጨመቅ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፤ ሃይድሮሊኩም ማረሻውን በጥቂቱ ያነሣዋል። ጭነቱ ሲቀል ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የቁጥጥር ምሕንድስና መምህራን አሉታዊ ግብረ መልስ የሚሉት ይኸው ነው። የእኛ ገበሬ ይህን ሥራ በእጁ ይሠራዋል፤ ማረሻው ሲከብድበት እርፉን ላላ፣ ሲቀለው ጫን ያደርጋል። ፈርጉሰን የገበሬውን ክንድ በሞላና በዘይት ተካው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩን ባጭሩ እንለፈው። ፈርጉሰን በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያለ ጽሑፍ ውል፣ በእጅ መጨባበጥ ብቻ ተስማማ፤ በ1939 የጋራ ትራክተራቸው ወጣ፤ ከፎርድ የልጅ ልጅ ጋር ግን አልተስማሙም፤ ክሱም በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ፈርጉሰን በበኩሉ ከ1946 እስከ 1956 በኮቨንትሪ ከተማ ቲ ኢ 20 የተባለውን ግራጫ ትራክተር ከ500,000 በላይ አስመረተ። ኤድመንድ ሂላሪ በጃንዋሪ 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚሁ ትራክተሮች ነው። ከትራክተሩ ጋር የሚሰጠው አንድ መፍቻ ለማስተካከያ ሥራዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይበቃ ነበር፤ እጀታው ላይ የተቀረጹት መስመሮችም እንደ ማስመሪያ ያገለግላሉ። ገበሬው ራሱ እንዲፈታው ታስቦ የተሠራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። በ1964 የወጣው ማሲ ፈርጉሰን 135 በብዛት የሚገኘው በፐርኪንስ ባለ 3 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር የናፍታ ሞተር ነው። ለዓመታት ሳይነሣ የቆየን ሞተር በሞተሪኖ ለማስነሣት መቸኮል ትልቅ ስሕተት ነው። ከፒስተኑ በላይ ውኃ ተጠራቅሞ ከሆነ ውኃ አይታመቅምና ቢየላው ይጎብጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ኢንጄክተሮቹን ማውጣት፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ማሳደር፣ ከዚያም ሞተሩን በመፍቻ በእጅ ማዞር ይገባል። የዛገ ብሎን አልፈታ ሲል ደግሞ ከጉልበት ይልቅ ሙቀት ይረዳል። ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ዳዶ በ300 ዲግሪ ቢሞቅ በ0.07 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የፀጉር ውፍረት ያህል መሆኑ ነው፤ ዝገቱን ለመሰንጠቅና ዘይት ለማስረግ ግን ይበቃል።

ለትምህርት እንግሊዝ አገር በቆየንባቸው ዓመታት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናፍታው ያለቀበትን ትራክተር ሲያስነሡ አይተናል። ነዳጅ ከሞሉ በኋላ ወደ ቁልፉ አልሄዱም። በፊልትሮውና በፖምፑ ላይ ያሉትን ትናንሽ ብሎኖች አላልተው፣ የእጅ ፖምፗን እየገፉ፣ የሚወጣው ናፍታ አረፋ ማሳየቱን እስኪያቆም በትዕግሥት ጠበቁ። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ኢንጄክተሩ የሚከፈተው ግፊቱ ከከባቢ አየር ከ150 ጊዜ በላይ ሲሆን ነው። ናፍታ በዚህ ግፊት ይዘቱ የሚቀንሰው በ1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አየር ግን በቦይል ሕግ መሠረት ወደ 150ኛ እጁ ይኮማተራል። ፖምፑ በአንድ ምት የሚልከው ናፍታ ደግሞ ከአንድ የውኃ ጠብታ አይበልጥም። ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ የጠብታ ያህል አየር ካለ ምቱን እንዳለ ይውጠዋል፤ ኢንጄክተሩም አይከፈትም። ደህናው ሞተር በአንዲት አረፋ ይቆማል።

የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ እሳቱ የሚመጣው ከእመቃ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረ አየር ሙቀት ሳያባክን ወደ 18ኛ እጁ ቢታመቅ ከ650 ዲግሪ ያልፋል። ናፍታ በራሱ የሚቀጣጠለው 200 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ትርፉ ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን ፈጥኖ እንዲነድ ከዚህ በጣም የበለጠ ሙቀት ይሻል፤ የቀዘቀዘ ሲሊንደር ሙቀቱን ይመጠዋል፤ ያረጀ ፋሻ አየሩን ያሾልካል፤ የደከመ ባትሪ ደግሞ ሞተሩን ቀስ ብሎ ስለሚያዞር ለሁለቱም ጊዜ ይሰጣቸዋል። በብርድ ጠዋት የሚታየው ነጭ ጭስ ሳይነድ የወጣ የናፍታ ተን ነው። ሰማያዊ ጭስ የሚነድ የሞተር ዘይትን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ከአየሩ የበዛ ናፍታን ያመለክታል። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አሰላ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ፖምፑ ለባሕር ወለል እንደተስተካከለ ከመጣ ጥቁር ጭሱ የብልሽት ሳይሆን የከፍታ ምልክት ነው። ጉልበቱም በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል። የእመቃው ሙቀት ግን አይቀንስም፤ ሙቀቱ የሚወሰነው በእመቃው መጠን እንጂ በመነሻው ግፊት አይደለምና።

አሰላን ካነሣን አይቀር፣ የባለቤትነትን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በ1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ ዙሪያ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። የስንዴው ትርፍ ሲታይ ግን ባለመሬቶች ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀል ያዙ። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ፈርጉሰን ለአነስተኛ ገበሬ ቤተሰብ ያሰበው ዓይነት ማሽን በጭላሎ የአነስተኛ ገበሬ ቤተሰብን ከመሬቱ አስነሣ። ይህን ደግሞ የትኛውም የመካኒክ መጽሐፍ አይነግረንም።

በዛሬዎቹ ትራክተሮች ክርክሩ ሌላ መልክ ይዟል። ብልሽቱን የሚናገረው ጭሱ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ነው፤ ኮምፒዩተሩን የሚከፍተው ሶፍትዌር ደግሞ በወኪሎች እጅ ይገኛል። የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ገበሬዎች የጥገና መረጃና መሣሪያ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ በ2023 አወጣች። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጆን ዲር ጥገናን ለራሱ ወኪሎች ብቻ ገድቧል ሲል ክስ መሠረተ። አዲሶቹ ሞተሮች ነዳጅ በመቆጠብና ጭስ በመቀነስ አሮጌዎቹን በብዙ ይበልጣሉ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። የእኛ ቅሬታ በመመርመሪያው መቆለፍ ላይ ነው።

አሮጌ ትራክተር የወረሰ ወይም የገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ሊያስብበት የሚገባው የመገልበጫ መከላከያ ብረት ነው። ስዊድን በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ ብረት እንዲኖረው ስታዝ የሟቾቹ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን ባዶ ናቸው። ቀበቶ የሚታሰረው ብረቱ ካለ ብቻ ነው። የፈርጉሰን ሦስት ክንዶችም የሚጠብቁት በእነርሱ ላይ የተያዘን ማረሻ እንጂ ጉቶ ለመንቀል በላይኛው ክንድ ወይም በአክስሉ ላይ የተጠመጠመን ሰንሰለት አይደለም። መጎተቻው ከፍ ባለ ቁጥር ትራክተሩን ወደኋላ የሚያዞረው ኃይል ይጨምራል፤ የፊት ጎማው መነሣት ከጀመረ በኋላም ሾፌሩ ፍሪሲዮን ለመርገጥ የሚኖረው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ሰንሰለቱ ሁልጊዜ ከአክስሉ በታች ባለው መጎተቻ ብረት ላይ ይታሰራል።