ሞተሩ የራስ፣ ጉዞው የመሥሪያ ቤት… ግብሩስ?

በገዛ ሞተር የሰው ሥራ መሮጥ የዘንድሮ ወግ ሆኗል። ጠዋት ከሐርቡ ተነስቶ ኮምቦልቻ ቢሮ ይፈርማል፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ያሉ ደንበኞቹን ያዳርሳል፣ ማታ ሲመለስ ታንከሩ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ የሽያጭ ሠራተኛ ሞልቷል። አለቅየው ደግሞ ቸር ነው! «ለቤንዚንህ 3,000 ብር ደመወዝህ ላይ ጨምሬልሃለሁ» ይለዋል። ልጅ አመስግኖ ይወጣል። ኧረ ቆይ እስቲ! መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው።

ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ማሻሻያ (አዋጅ ቁጥር 1395/2017) ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ከጭማሪው 950 ብር ለግብር ይሄዳል። መደበኛ ደመወዝ ላይ ስለገባም 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 210 ብር፣ ይነሳለታል። እጁ የሚገባው 1,840 ብር! ሞተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ የሚጠጣው ያው የ3,000 ብሩን ነው።

«ታዲያ ወጪዬን አሳይቼ ግብሬን ላስመልሳ?» ትሉ ይሆናል። እንግሊዝ አገር ያለ ዘመድ በራሱ መኪና ለሥራ የነዳውን ማይል ቆጥሮ ቅናሽ ይጠይቃል። እኛ ጋ ግን ተቀጣሪ ለሥራው ያወጣውን ከደመወዙ ቀንሶ ግብር የሚያሰላበት በር የለም። ገቢዎች ደጅ መሰለፍ ትርፉ ድካም ነው።

በሩ ያለው አሠሪው ጋ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 65 ሠራተኛው በሥራ ላይ ላወጣው የጉዞ ወጪ አሠሪው የሚተካለትን ገንዘብ ከግብር ነፃ አድርጎታል። በሥራ ውል መሠረት በመጓጓዣ ምትክ የሚሰጥ አበልም እንዲሁ፤ ለዚህኛው ግን መመሪያ ያበጀለት ጣሪያ ስላለ ፋይናንስ ክፍሉን መጠየቅ ነው።

ልብ በሉ! ከሐርቡ ኮምቦልቻ መምጣት «ሥራ መግባት» ነው። ከኮምቦልቻ ቢሮ ደሴ ደንበኛ ጋ መሄድ ደግሞ «በሥራ ላይ መጓዝ»። ሁለቱን ቀላቅሎ ማወራረድ የሚያስጠይቀው መጀመሪያ ራስን ነው። ስለዚህ አንዲት ደብተር ግዙና ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ቆጣሪው ያነበበውን ኪሎ ሜትር፣ የሄዳችሁበትን ጉዳይ ጻፉ። ደረሰኝ አትጣሉ። ከግንቦት 2015 ወዲህ የማደያ ክፍያ በሞባይል ስለሆነ ቀኑና ብሩ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። በየጥጉ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ግን ዋጋው መናሩ ሳያንስ ደረሰኝ የለውም፤ በምን ይወራረዳል?

የራሳቸው ንግድ ያላቸውና መዝገብ የሚይዙትማ ሌላ ናቸው። ለንግዱ የተነዳውን ነዳጅ በደረሰኝ ከገቢያቸው ይቀንሳሉ፤ ለሠርግና ለሽርሽር የተነዳውን አይጨምርም።

ደመወዝተኛው አለቃውን ሲያነጋግር «ግብር በዛብኝ» ብሎ ባይጀምር ይሻለዋል። ይልቅ ይህን ይበለው፦ 3,000 ብሩ ደመወዝ ላይ ሲገባ ድርጅቱም 11 በመቶ የጡረታ ድርሻ፣ በወር 330 ብር፣ ከኪሱ ይጨምራል። በደረሰኝ የሚተካ የጉዞ ወጪ ሲሆን ግን ይህ ክፍያ የለም። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወንበር ስቦ «እስቲ ተቀመጥ» ይላል።