በጣልያንኛ ግሶች የቀለም ክፍፍልና የአጽንዖት ቦታ

የጣልያንኛ ጽሕፈት ለንባብ የሚመች ቢሆንም የአጽንዖትን ቦታ በአብዛኛው አያመለክትም። አጽንዖት በአንድ ቃል ውስጥ ካሉት ቀለሞች አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚነገርበት ሁኔታ ነው። «ካፒቶ» አጽንዖቱ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሲያርፍ «ድንገት እደርሳለሁ»፣ በሁለተኛው ላይ ሲያርፍ «የተረዱት»፣ በመጨረሻው ላይ ሲያርፍ ደግሞ «ድንገት ደረሰ» የሚል ፍቺ ይሰጣል። በጽሕፈት ምልክት ማድረግ ግዴታ የሚሆነው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አድራጊውንና ጊዜውን ለመለየት አጽንዖቱ የሚመራበትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል።

የቀለም ክፍፍሉ በከፊል ይረዳል። በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ ነጠላ ተነባቢ ከተከታዩ አናባቢ ጋር ይሄዳል፤ «ካ-ፒ-ቶ» እንደሚለው። ተነባቢው ሲጠብቅ ግን ለሁለት ተከፍሎ የፊተኛውን ቀለም ይዘጋል፤ «ር»፣ «ል» ወይም «ን» ሌላ ተነባቢን ሲቀድምም እንደዚሁ ነው። አጽንዖቱ በመጨረሻው ቀለም ላይ ካልሆነ በቀር፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ የሆነው ቀለም ዝግ ሲሆን በአብዛኛው በእርሱ ላይ ያርፋል፤ ለምሳሌ «ፓር-ላን-ዶ» (እየተናገረ)። ይህ ቀለም ክፍት ሲሆን ግን ክፍፍሉ ብቻውን መልስ አይሰጥም። «አ-ቢ-ቶ» (እኖራለሁ) በመጀመሪያው፣ «ኢን-ቪ-ቶ» (እጋብዛለሁ) በሁለተኛው ቀለም ላይ ይጎላሉ።

የቀረውን የሚያሟላው የግሱ እርባታ ነው። በአሁን ጊዜ ነጠላ ቁጥር አጽንዖቱ በግንዱ ላይ ያርፋል። በአንደኛና በሁለተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ወደ ቅጥያው ይሸጋገራል፤ «አ-ቢ-ትያ-ሞ» (እንኖራለን) እና «አ-ቢ-ታ-ቴ» (ትኖራላችሁ) በሦስተኛው ቀለም ላይ ይጎላሉ። የሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር አመልካች «-ኖ» ግን የነጠላውን አጽንዖት ሳያናውጥ ይጨመራል። «አ-ቢ-ታ» (ይኖራል) «አ-ቢ-ታ-ኖ» (ይኖራሉ) ሲሆን አጽንዖቱ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ይጸናል። ከመጨረሻው ሲቆጠር አራተኛ በመሆኑ እንግዳ የሚመስለው ይህ ቦታ፣ ከግንዱ ሲታይ ያልተለወጠ ነው። «አቢታቫ» (ይኖር ነበር) እና «አቢታቫኖ» (ይኖሩ ነበር) ሁለቱም «ታ» ላይ መጉላታቸው ይህንኑ ያጠናክራል።

ይህ ሥርዓት ለትምህርት አሰጣጥ ፋይዳ አለው። «አቢታሬ» እና «ኢንቪታሬ» የተባሉት አርእስት ሁለቱም «ታ» ላይ ስለሚጎሉ የግንዱን አጽንዖት አያሳዩም፤ ልዩነቱ የሚገለጠው በአንደኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ነው። ቃላቱን በፊደል ለሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሦስቱም «ካፒቶ» አንድ መልክ ይይዛሉ፤ የተነባቢ ጥብቀትም አይታይም። ስለሆነም እያንዳንዱ ግስ ከአርእስቱ ጋር «አቢቶ» ወይም «ኢንቪቶ» የሚለው ቅርጽ፣ አጽንዖቱ ምልክት ተደርጎበት፣ አብሮ ሊጠና ይገባል።