የዳታቤዝ ቅርጽ ሲለወጥ መረጃ እንዴት ይተርፋል?

አንድ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም አስገብቶ አገልግሎቱ በተስተጓጎለ ቁጥር «ዳታው ጠፋ» የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። የብሪታንያው ቲ.ኤስ.ቢ ባንክ በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም ባዛወረ ጊዜ ከ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹ ብዙዎቹ ተጉላልተዋል፤ ተቆጣጣሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ሲቀጡት ግን መረጃው ራሱ በትክክል መዛወሩን፣ የተበላሸው አዲሱ ሲስተም መሆኑን ገልጸዋል። እውነተኛ የመረጃ መጥፋት ከዚህ የከፋ ነው፤ ሲስተሙ ሳይቆም፣ ሰልፍ ሳይፈጠር፣ ማንም ሳያውቀው ይፈጸማልና።

የዳታ ሞዴል መረጃው በየትኞቹ ሰንጠረዦችና ዓምዶች ተከፋፍሎ፣ በቁጥር፣ በቀን ወይም በጽሑፍ መልክ እንደሚቀመጥ የሚወስን ንድፍ ነው፤ መሠረቱ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጽሑፍ ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ ዝርዝሩ እዚህ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንድፉ ሲለወጥ የሚሆነውን ማየት ነው። ሙሉ ስም በአንድ ዓምድ የያዘ ሰንጠረዥ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ወደሚባሉ ሦስት ዓምዶች ይከፈል ቢባልና ክፍፍሉ በባዶ ቦታ ቢሠራ፣ «ገብረ ማርያም ተሰማ ወልዴ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ስሙ «ገብረ»፣ አባቱ «ማርያም»፣ አያቱ «ተሰማ» ሆኖ ይገባል፤ «ወልዴ» የሚገባበት ዓምድ ስለሌለ ይቀራል። ዳታቤዙ ትእዛዙን ያለ ስሕተት መፈጸሙን ያሳውቃል፤ የድሮው ዓምድ በዚያው ትእዛዝ ከተሰረዘ ደግሞ ስሕተቱን የሚመሰክር ነገር አይቀርም።

መፍትሔው አዲሱ ጎተራ ሞልቶ ሳይፈተሽ የድሮውን ጎተራ አለማፍረስ ነው። በመጀመሪያ አዲሶቹ ዓምዶች ባዶ መሆን ተፈቅዶላቸው ይጨመራሉ፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙ የሚመጣውን መረጃ ሁሉ በድሮውም በአዲሱም ቦታ እንዲጽፍ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነው የቆዩት መዝገቦች ወደ አዲሱ ቅርጽ የሚገለበጡት፤ ይህም ሰንጠረዡ ለረጅም ጊዜ ተቆልፎ ተጠቃሚው እንዳይጉላላ በትንሽ በትንሹ ይከናወናል፤ እንደ «ገብረ ማርያም» ያሉ ከተጠበቀው ቅርጽ የወጡ ስሞችም በግምት ከመከፈል ይልቅ ሰው እንዲያያቸው ለብቻ ይለያሉ። የድሮውና የአዲሱ ይዘት ተነጻጽሮ መስማማቱ ሲረጋገጥ ንባብ ወደ አዲሱ ይዞራል፤ ስረዛው የመጨረሻው ነው። እስከዚያ ያለው እርምጃ ሁሉ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ስረዛ ግን አይመለስም።

በሁለቱም ቦታ የመጻፉን ሥራ ማን ይሥራው በሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። ፕሮግራሙ ይሥራው ቢባል፣ ሌሊት የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ወይም ዳታቤዙን በቀጥታ የሚያርም ሠራተኛ ሊያመልጠው ይችላል፤ ትሪገር የተባለው፣ ዳታቤዙ ራሱ ለውጥ ባየ ቁጥር የሚያስኬደው ትእዛዝ፣ ሁሉንም ይይዛል፣ ነገር ግን ጽሕፈቱን ያዘገያል። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ከሆኑ ጽሕፈቱን በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም በሚፈጸምበት ወይ ሁሉም በሚሰረዝበት ሥርዓት፣ ማሰር ይቻላል፤ በሁለት የተለያዩ ዳታቤዞች መካከል ግን አንዱ ተሳክቶ ሌላው ሊወድቅ ይችላል። ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር አብዛኞቹን የሰንጠረዥ ለውጦች በትራንዛክሽን ውስጥ ይቀበላል፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ሌላው ግን እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ወዲያው ስለሚያጸድቅ፣ ከተከታታይ ትእዛዞች አንዱ ቢከሽፍ የቀደሙት ጸንተው ይቀራሉ።

«ባካፕ አለን» የሚለው መከራከሪያም አያዛልቅም፤ የትናንት ሌሊት ባካፕ የሚመልሰው የትናንት ሌሊቱን ይዘት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የድሮውን ዓምድ የሚሰርዝ ትእዛዝ ከሌሎች ለውጦች ጋር በአንድ ፋይል ተጠቃልሎ ለማጽደቅ የቀረበለት ኃላፊ፣ ስረዛው ተለይቶ በሌላ ቀን እንዲቀርብ አድርጎ ይመልሰው።