ኩሬውን ከመድፈናችሁ በፊት የውሃ መውጫውን እዩ

በጓሮ የተቆፈረ የዓሣ ኩሬ ሲሸት፣ ዓሣው ሲሞት ወይም ልጅ በወባ ሲታመም ቤተሰቡ ቶሎ የሚደርስበት ውሳኔ አንድ ነው፤ «ይደፈን!» ይህ ውሳኔ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በኩሬው ሳይሆን ውሃው በሚወጣባት አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ነው። እሷን ሳያዩ ኩሬ መድፈን፣ ጥርሱን ላመመው ሰው መንጋጋውን እንደ መቁረጥ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመቱ ወደ ያዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሁሩሙ የውሃ ድሃ አይደለችም። ዝናቡ ረጅም ነው፤ ምንጩ ብዙ ነው፤ ሶርና ገባ ወንዞች ወደ ባሮ የሚወርዱት ከዚሁ አካባቢ ነው። የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ ከታቀፉት ወረዳዎች አንዷ ሁሩሙ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ከምንጭ ቦይ ቀዶ ጓሮ ውስጥ ቆሮሶ ማርባት ለልጆች ምግብ፣ ለጓደሎ መሙያ የሚሆን ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ያው የቡና ጥላ የሆነው ዋንዛ፣ ብሳናና ሰሳ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ኩሬው ላይ ያራግፋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የኩሬ ትልቁ ጥያቄ ውሃ ከየት ይግባ ሳይሆን፣ ውሃና ቅጠል እንዴት ይውጣ ነው።

መግፈፊያው ምን ይሠራል?

ሾርባ ሲፈላ አረፋውን ከላይ እንገፋለን። ኩሬም እንደዚያው ነው። ውሃ ላይ የወደቀ ቅጠል ወዲያው አይሰምጥም፤ ጥቂት ቀናት ይንሳፈፋል። በእነዚያ ቀናት ካልተነሣ ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይወርድና ይበሰብሳል። የሚበሰብሰው ቅጠል ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል። በተለይ ሌሊት ፀሐይ ስለሌለ በውሃው ውስጥ ያሉት አረንጓዴ ጥቃቅን እፅዋትም ኦክስጅን ይወስዳሉ እንጂ አይሰጡም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ዓሣዎቻችሁ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብታዩ ተርበው ሳይሆን ታፍነው ነው።

መግፈፊያ የሚባለው የላይኛውን ስስ ውሃ ብቻ እየሳበ የተንሳፈፈውን ቅጠል ቅርጫት ውስጥ የሚያስቀር ነገር ነው። በከተማ ሆቴሎች መዋኛ ገንዳ ጠርዝ ላይ የሚታየውና ባለሙያዎች «ስኪመር» የሚሉት በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሠራል። በጓሮ ኩሬ ግን ምንጩ ራሱ እየገፋ ስለሚያወጣው ፓምፕ አያስፈልግም። አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ ከሥሩ የተቀጠለ የፕላስቲክ ቧንቧና የሽቦ ቅርጫት ይበቃል። የባልዲው ጠርዝ ከውሃው ወለል እኩል ይሆናል፤ ትርፍ ውሃ በጠርዙ ላይ በስሱ እየፈሰሰ ይገባል፤ ቅጠሉ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል፤ ውሃው በቧንቧው ይወጣል። ነገሩ ቀላል ነው። ሲገጠም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በወንድሜ ጓሮ ያየነው

ባለፈው ዓመት መስከረም ሁሩሙ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ሳለ ቤቱ በክርክር ላይ ነበር። የአራት ዓመቱ የልጅ ልጅ ጤና ጣቢያ በደም ምርመራ ወባ ተገኝቶበት መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል። ምራቱ ለብቻዬ ጠራችኝና፣ «እትዬ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ብነግራቸው አባባ እሺ አላሉኝም። ይሄ ኩሬ ይደፈን» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ፣ «እታለም፣ ስንት ብር የፈሰሰበት ነው! ዓሣው ለመበላት ሲደርስ እንዴት ይደፈናል?» ይላል። የሁለቱም ልብ ልጁ ላይ ነው፤ ማንንም መቆጣት አልቻልኩም።

ኩሬው 8 ሜትር በ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1 ሜትር ነው፤ 40 ሺህ ሊትር ያህል ይይዛል። የቆፈረውና መግፈፊያውን የገጠመው ሰው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ቆይቷል። ስናይ ባልዲው አለ፤ ግን ደርቋል። ጠርዙ ከውሃው አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ያውም ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ቅጠሉ በሌላኛው ማዕዘን እንደ ምንጣፍ ተደርድሮ ይሸታል። ምንጩ ሌት ተቀን እየገባ ውሃው ጠርዙ ላይ የማይደርሰው ለምንድን ነው? መልሱ ከግድቡ ሥር ነበር። ቧንቧው ግድቡን በሚያቋርጥበት ቦታ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ስለተመለሰ ውሃው በቧንቧው ውጭ፣ በዙሪያው እያንጠባጠበ ይወጣል። ከግድቡ በታች ከብት የረገጠው መሬት በሙሉ ትንንሽ ጉድጓድ ሆኖ ጥርት ያለ ውሃ አቁሯል።

ነጭ ስኒ ይዤ ከኩሬውም ከኮቴ ጉድጓዶቹም ጨለፍኩ። ቅጠሉ ምንጣፍ ሥር ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው በሰያፍ የሚንጠለጠሉ የትንኝ እጮች አገኘሁ፤ እነዚህ ወባ የማያስተላልፈው ተራው ትንኝ ናቸው። በኮቴ ጉድጓዶቹ ግን በውሃው ወለል ላይ ልክ እንደ ስንጥር ተጋድመው የሚተኙ እጮች ነበሩ። የወባ ትንኝ እጭ መለያው ይህ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥርት ያለና ጥልቀት የሌለው ውሃ የእሷ ምርጫ ነው። ሰፊው ኩሬ ውስጥ ዓሣ እጩን ይበላዋል፤ ኮቴ ውስጥ ግን ማን ይበላዋል? ልጁ የተነደፈው ከዚያ በወጣች ትንኝ ነው ማለት አልችልም፤ ትንኝ በርራ ስለምትመጣ። ኩሬው ተደፍኖ ቢሆን ግን ያ ክርክር ያተኮረው በተሳሳተው ውሃ ላይ እንደነበር ለምራቱም ለወንድሜም ስኒውን አሳየኋቸው።

እንዴት ተጠገነ?

ጥገናው ሁለት ቀን ፈጀ። የሠሩት ወንድሜ፣ አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጁና አንድ ግንበኛ ጎረቤት ናቸው። ቅደም ተከተሉ ለሌላውም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ነፋሱን አወቁ። ከሰዓት በኋላ አንድ እፍኝ የቡና ገለባ መሐል ኩሬ በተኑ፤ ሲነጋ የት እንደተጠራቀመ አዩ። መግፈፊያ የሚቆመው ነፋስ ቅጠሉን በሚገፋበት በኩል ነው። የቀድሞው የቆመው ነፋስ በሚመጣበት ጫፍ ስለነበር ቅጠሉ ሁልጊዜ ይሸሸው ነበር።

ሁለተኛ ውሃውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንሰው የቀድሞውን ቧንቧ አወጡ። ቦዩን አጽድተው፣ ለምጣድ እንደሚሆነው ዓይነት የሚያጣብቅ ሸክላ አፈር በውሃ አለዝበው፣ በስንዝር በስንዝር እየደረደሩ በወፍራም እንጨት ጠቀጠቁት። በአዲሱ ቦታም እንደዚሁ አደረጉ። እዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ከአሮጌ ጄሪካን ጎን ሰፊ ቁራጭ ቆርጠው መሐሉን በስተው ቧንቧውን እንደ አንገትጌ አለበሱትና ግድቡ ውስጥ ቀበሩት። ውሃ በቧንቧው ዙሪያ መንገድ ሲፈልግ ይህ አንገትጌ ያግደዋል።

ሦስተኛ የባልዲውን ጠርዝ አስተካከሉ። ግንበኛው ውሃ ልኩን በጠርዙ ላይ አጋድሞ ከአራቱም ጎን አየ። ጠርዙ በአንድ ጎን ሁለት ጣት ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ በዚያ ብቻ ይፈስሳል፤ ከሌላው በኩል ምንም አይሳብም።

አራተኛ ወንፊቱን ቀየሩ። ቀድሞ ጥልፍልፍ ሽቦ በቧንቧው አፍ ላይ ለጥ ተደርጎ ታስሮ ነበር። 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቧንቧ አፍ 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት የዋንዛ ቅጠል ይደፍነዋል። ሲደፈን ውሃው ግድቡን አልፎ ይሄዳል፤ ዓሣውም አብሮ። ከባልዲው ውጭ ዙሪያውን ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክብ ሽቦ ቢቆም የወንፊቱ ስፋት ወደ 40 እጥፍ ያድጋል። እነሱ ባልዲው ሰፊ ስለሆነ ሽቦውን ከዚያም አሰፉት፤ ዓይኑንም ቅጠል የሚያሳልፍ፣ ያደገ ዓሣ የማያሳልፍ አደረጉት። ባልዲው ውስጥ በእጅ የሚነሣ ቅርጫት ገባ።

በመጨረሻ ለከባድ ዝናብ መተንፈሻ ሠሩ። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዚህ ኩሬ ላይ ብቻ 2 ሺህ ሊትር ይጨምራል፤ ከተዳፋቱ የሚመጣው ጎርፍ ሲታከል ባልዲ አይችለውም። ስለዚህ ከላይ ጎርፉን ዞር የሚያደርግ ቦይ ተቆፈረ፤ በግድቡ አንድ ጎንም ከባልዲው ጠርዝ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ማፍሰሻ ተተወ።

የምንጩን መጠን የለካነው በባልዲ ነው። 20 ሊትሩን በሁለት ደቂቃ ሞላ፤ ይህ በቀን 14 ሺህ 400 ሊትር ነው። የጎደለው ውሃ አንድ ቀን ሳይሞላ ተመለሰ። በማግስቱ ቅጠሉ በሰልፍ ወደ ባልዲው ሲሄድ ልጆቹ እንደ ሰርግ ይመለከቱት ነበር። ከግድቡ በታች ያለው መሬት በሳምንቱ ደረቀ፤ ኮቴዎቹም በአፈር ተሞሉ።

ልብ ልትሏቸው የሚገቡ

ውሃው እንደ መስታወት ይጥራ ብላችሁ አትድከሙ። ቆሮሶ አረንጓዴውን ጥቃቅን እፅዋት ይመገባል። እጃችሁን ስትሰዱ መዳፋችሁ ክንዳችሁ አጋማሽ አካባቢ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ከዓይን ቢሰወር ደህና ነው።

ትንኝ ለማጥፋት ብላችሁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም የቤት ፀረ ተባይ አታፍስሱ። ዓሣውን ይገድላል፤ የሚበላውንም ሰው ይጎዳል።

ብርብራ ዛፍ ኩሬው ላይ እንዳያዘነብል አድርጉ። ፍሬውን ፈጭቶ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝ በሀገራችን የቆየ የማጥመጃ ዘዴ ነው፤ መርዙ የራሳችሁን ዓሣ አይለይም። ከቡና ማጠቢያ የሚወጣ ውሃም ኩሬ ውስጥ አይግባ፤ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።

የዳር ሣሩን አጭዱ። ሣር ውስጥ እጭም፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ይሸሸጋል። መጸዳጃ ከኩሬው ይራቅ፤ ለሥራ የሚገባም ሰው ቦቲ ጫማ ያድርግ።

የኩሬው መጠገን አጎበርን አይተካም። በኛ አካባቢ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የትንኝ እንቁላል ትንኝ ለመሆን ከ7 እስከ 14 ቀን ስለሚበቃው በሳምንት አንድ ቀን ስኒ ይዞ ግድቡን መዞር ልማድ ይሁን። ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ።

ከወባም የሚብሰው

ምራቱ ያላነሣችውን እኔ አነሣሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ገልጿል፤ ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ሲሰጥም አይጮኽም፤ አይንቦጫረቅም፤ ዝም ይላል። እናት ቡና እስክትቆላ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ ባልዲው ከመስተካከሉ በፊት አጥር ይቅደም፤ ሕፃን የማይወጣው፣ በሩ ከላይ የሚቆለፍ። ወንድሜም ሦስተኛውን ቀን ለአጥሩ ሰጠው።

ክፉ ቀን ቢመጣ ልጁን አውጡ፤ ተዘቅዝቆ አይወዛወዝ፤ ሆዱ አይጫን። የማይተነፍስ ከሆነ ራሱን ቀና አድርጋችሁ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ ካልነቃ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ፤ እንዲሁ እየቀጠላችሁ ወደ ሕክምና። ቢነቃም ሳይመረመር አይቅር።

እንግዲህ መድፈን መቼ ትክክል ነው? ቅርጫቱን በየሁለት ቀኑ የሚያራግፍ ሰው ከሌለ፣ አጥር ለማጠር አቅም ከጠፋ፣ ወይም ግድቡ ተጠግኖም ማንጠባጠቡን ካልተወ፣ ያን ጊዜ ዓሣውን አውጥታችሁ ብሉና ድፈኑት፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጠዋት ተነሥታችሁ ከግድቡ በታች ውረዱ፤ እግራችሁ ረጠበ ወይስ አልረጠበም?