ከአያት ሳጥን ሥር የባቡር ወረቀት ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

ከቦሳ ኪቶ ተነስታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ሐዲድ አታገኙም። ጅማ ባቡር ኖሯት አያውቅም። የአካባቢያችን ቡና ግን ባቡር ተሳፍሯል። በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባ፣ ከለገሃር በባቡር ጅቡቲ ይወርድ፣ ከዚያ በመርከብ ባሕር ይሻገር ነበር። ስለዚህ አያታችሁ ቡና ነጋዴ ከነበሩ፣ ወይም አንድ ጊዜ እንኳ ለጉዳይ ድሬዳዋ ወርደው ከሆነ፣ ቤት ካለው የቆርቆሮ ሳጥን ሥር የባቡር ወረቀት ቢገኝ አይግረማችሁ። ትኬት ሊሆን ይችላል፣ የጭነት ደረሰኝ፣ ፖስት ካርድ፣ ወይም የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የታተመባት ትንሽ ቡክሌት።

የድሮው ባቡር ዛሬ ከለገሃር አይነሳም። ወረቀቱ ግን ቆሎ ካልተጠቀለለበት አሁንም አለ።

ፈረንጆቹ ጋ እንዲህ ያለውን ነገር መሰብሰብ ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት ብዙም ሳይቆይ ለየጨዋታው የሚቀደድ ትኬት የያዘ ቡክሌት መሸጥ ጀመረ። ትኬቶቹ በፊደል የተለዩ ነበሩ፤ ከ1959 ጀምሮ የመጣው “ኢ” የተባለው ለምርጦቹ ጨዋታዎች ነበር። በ1982 አሠራሩ ቀረ። እዚያው ግቢ ውስጥ ከ1957 እስከ 1958 ብቻ ሠርታ የቆመች “ቪውላይነር” የምትባል ባቡርም ነበረች። ጨዋታው ከፈረሰ በኋላ ሰው እጅ ላይ የቀረው ወረቀቱ ነው፤ ለዚህ ነው የሚሰበስቡት።

የእኛው ባቡር ደግሞ መዝናኛ አልነበረም፣ የአገር ጉሮሮ ነበር። ባጭሩ እንዲህ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች ናቸው)፦ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋን እንደ ከተማ የወለዳትም እሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። “ለገሃር” የምንለውም “ላ ጋር” ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሐዲድ ነው፣ ከለገሃርም አይነሳም።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ። የተገኘው ወረቀት የመቼ ነው? ዋናው ጨዋታ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ቀን ከተጻፈበት መጀመሪያ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። የባቡሩ ወረቀት ፈረንሳይኛና አማርኛ አብረው ሊኖሩበት ይችላል። በአማርኛው በኩል 1952 ቢል 1959 ወይም 1960 ማለት ነው። በፈረንሳይኛው በኩል 1952 ቢል ግን እኛ ገና 1944 ወይም 1945 ላይ ነበርን። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቀን ከሌለው የድርጅቱን ስም እዩ። “ኢምፔሪያል” የሚል ቃል ያለበት የፈረንሳይኛ ስም ከሆነ የመጀመሪያው ኩባንያ ነው፤ እሱ ድሬዳዋ ከደረሰ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከስሯል። የዚያ ኩባንያ የአክሲዮን ወረቀት ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች የሚፈለግ ነው። ከ1908 በኋላ ስሙ “ፍራንኮ ኢትዮጵያ” የምድር ባቡር ሆነ፣ ረጅሙ ዘመንም ይሄ ነው። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ “ጅቡቲና ኢትዮጵያ” ሆነ።

ካርታ ካለበት እድለኛ ናችሁ። ጅቡቲ ያለችበትን አገር ስም አንብቡ። እስከ 1967 “የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ” ነበር። ከ1967 እስከ 1977 “የፈረንሳይ አፋርና ኢሳ ግዛት” ተባለ። ከዚያ ነፃ የወጣችው ጅቡቲ ናት። አንድ ቃል አይታችሁ ወረቀቱን አሥር ዓመት ውስጥ ታስገቡታላችሁ ማለት ነው። እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ምልክት ይሄን ነው፤ አታሚው ሳያስበው የጻፈው ነገር አይዋሽም።

ገንዘቡም ይናገራል። ዋጋው በሊሬ ከሆነ የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በሽልንግ ከሆነ ከ1941 በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት። ከ1945 በኋላ በአማርኛው “ብር” ይላል፣ በላቲን ፊደል ግን እስከ 1976 ድረስ “የኢትዮጵያ ዶላር” ነበር የሚባለው። “የጅቡቲ ፍራንክ” ደግሞ ከ1949 በፊት የለም። አሮጌ ነው ተብሎ የቀረበ ወረቀት ላይ ባለ አሥር አሃዝ ስልክ ካያችሁ ሳቁና እለፉ፤ አሥር አሃዝ የጀመርነው በ2005 ነው።

ቴምብር የተለጠፈበት ፖስት ካርድ ከሆነ ቴምብሩን አትንቀሉ። ከነማኅተሙ ሲሆን ነው ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደሄደ የሚነግራችሁ። በ1931 የወጣ ቴምብር ላይ የአዋሽ የባቡር ድልድይ ራሱ አለ፤ እሱን ካገኛችሁ በደንብ ያዙት።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ላሚኔት አታድርጉ! እኛ መታወቂያም ዲፕሎማም ላሚኔት ማድረግ እንወዳለን። አሮጌ ወረቀት ላይ ግን ሙቀቱና ሙጫው ገብቶ ይቀራል፣ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ፣ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ይበላዋል። የዛገ የስቴፕለር ሽቦ ካለ በጥፍር ሳይሆን ቀስ ብላችሁ በጠፍጣፋ ነገር አስለቅቁት። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጫማ እንኳ ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። ስለዚህ ወረቀቱን መሬት ላይ ካለ ሳጥን አውጡና ንጹሕ ኤንቨሎፕ ውስጥ አድርጋችሁ ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ግድግዳ ላይ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ መስቀልም ቀለሙን ይጨርሰዋል።

ከዚያ በስልካችሁ አንሱት። ፍላሽ ይጥፋ፣ መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ መጠኑ እንዲታወቅ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡ። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሒሳብ ካለ አታጥፉት። “ይህን ያህል ኩንታል” ብሎ አያታችሁ የጫሩት መስመር ከፊት ለፊቱ ሕትመት ሊበልጥ ይችላል፤ ሕትመቱ የብዙ ሰው ነው፣ ጫሩ ግን የአንድ ሰው።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። ወረቀት ዋጋ ሲያወጣ የሚቀደድ መዝገብ ይኖራል። የድሮ ፖስት ካርዶች ኢንተርኔት ላይ በዶላር ይሸጣሉ፤ ይህን ያየ ሰው የጣቢያ መዝገብ ገንጥሎ ሊያመጣላችሁ ይችላል። የእኔ መስመር ይሄ ነው፦ ለተሳፋሪ የተሸጠ ወይም የተሰጠ ነገር ይሰበሰባል፤ ትኬት፣ ደረሰኝ፣ ፖስት ካርድ፣ ቡክሌት። የመሥሪያ ቤት መዝገብ፣ የሠራተኛ ፋይል፣ ኦሪጅናል ፕላን ግን የሰብሳቢ አይደለም፣ በርካሽም ቢመጣ። እንዲህ ያለው ቦታው ወመዘክር ነው፣ ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ “ላክልኝ” ሲላችሁ ይህን አስታውሱ። ፎቶውን ላኩለት፣ በቃ።

“ለምን እኛ እንደክማለን፣ ሙዚየም የለም ወይ?” የሚል አይጠፋም። የንጉሥ ዕቃ ሙዚየም ይገባል፤ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ጅማ ሙዚየም ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የአንድ ቡና ነጋዴ የጭነት ደረሰኝ ግን ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ሌላ ጠባቂ የለውም። ቤት ሲፈርስ፣ አያት ሲያርፉ፣ ሳጥኑ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።

አያታችሁ በሕይወት ካሉ ወረቀቱን ይዛችሁ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጡና የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፈቱ። “ስለ ድሮ ንገሩኝ” አትበሏቸው፣ እንዲህ ሲባል ሰው ምን እንደሚል ይጠፋዋል። ወረቀቱን እጃቸው ላይ አድርጉና ትንሽ ትንሹን ጠይቁ፦ ቡናውን ለገሃር የተረከበው ማን ነበር? ስንተኛ ማዕረግ ተሳፈሩ? አዋሽ ላይ ምን በሉ? ድሬዳዋ የት አደሩ? መልሱን በወረቀቱ ስምና ቀን ሴቭ አድርጉትና ከፎቶው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱት።