ልብ አንባቢውና ብጣሽ ወረቀቱ

በአውሮፓና በአሜሪካ የትርኢት አዳራሾች ለብዙ ዘመን ሕዝብ ሲያስደንቅ የኖረ፥ ዛሬም ያልተተወ አንድ ጨዋታ አለ። ይኸውም «አሳብ ማንበብ» የሚባለው ነው። ትርኢቱን የሚያሳየው ሰው ለተመልካቾች ብጣሽ ወረቀትና እርሳስ ያድላል። እያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ወይም የአንድ ወዳጁን ስም ጽፎ፥ ወረቀቱን አጣጥፎ ይመልሳል። ከዚህ በኋላ ሰውዬው የታጠፈውን ወረቀት ሳይከፍት ወደ ግንባሩ አስጠግቶ፥ ዓይኑንም ጨፍኖ፥ በውስጡ የተጻፈውን ይናገራል። አዳራሹም በጭብጨባ ይናወጣል።

በዚህ ጊዜ ተመልካቹ ትኩር ብሎ የሚያየው የሰውዬውን ግንባርና ፊት ነው። ወረቀቱን ልብ የሚለው የለም። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመናገር የፈለግነው ስለ ወረቀቱ ነው። የዚህ ጥበብ ምሥጢር በአብዛኛው የሚገኘው ከሰውዬው ራስ ውስጥ ሳይሆን ከብጣሹ ላይ ነውና።

ስለዚህ ጥበብ ከጻፉት ሰዎች መካከል ስሙ የታወቀው ቴዎዶር አነማን የተባለው አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. ተወልዶ በ1942 ዓ.ም. የሞተው ይህ ሰው፥ ከ1934 እስከ 1941 ዓ.ም. «ጂንክስ» የተባለ የምትሃተኞች መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። ከሞተም በኋላ በ1944 ዓ.ም. ከጽሑፎቹ የተመረጡት ተሰብስበው በመጽሐፍ ወጥተዋል፤ በታጠፈ ወረቀት የሚሠሩት ጨዋታዎችም በመጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላቸው። ለእንደዚህ ያለው ሰው ወረቀት መምረጥ፥ ለአናጢ እንጨት የመምረጥን ያህል ነው።

ለመሆኑ የሚመረጠው ምን ዓይነት ወረቀት ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱ ተራ መሆን አለበት። የሚያብረቀርቅ፥ ቀለም ያለው ወይም ያጌጠ ወረቀት ዓይን ይስባል፤ ዓይን የሳበ ነገር ደግሞ ጥርጣሬ ይስባል። ቀጥሎ መጠኑ ይታሰባል። ወርዱ 5፥ ቁመቱ 7 ተኩል ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ብጣሽ ሦስት ጊዜ በሁለት በሁለት ቢታጠፍ፥ ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይሆናል። ይህን ያህሉ በጣቶች መካከል ቢደበቅ ማንም አያየውም። ከዚህ ከተለቀ ግን እጅ አይሸሽገውም፤ ካነሰም ጸሐፊው አሳቡን የሚያሰፍርበት ቦታ ያጣል።

ሦስተኛው ነገር የወረቀቱ ክብደት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ለጽሕፈት የምንጠቀምበት ወረቀት በአንድ ካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ወረቀት ጠንካራ በመሆኑ ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል፤ ታጥፎም ሲቀመጥ በገዛ ራሱ መከፈት ይጀምራል። የጋዜጣ ወረቀት በአንጻሩ ከ50 ግራም የማይበልጥ ስለ ሆነ ዝምተኛና ለማጠፍ የሚታዘዝ ነው። ነገር ግን እርሳሱ ጠበቅ ሲል ይቀደዳል፤ ወደ ብርሃንም ቢያነሡት ጽሕፈቱ በውጭ ይታያል። «አሳልፎ አየው እንጂ መቼ አሳብ አነበበ!» የሚል ተመልካች ከተገኘ ጨዋታው አበቃ። ስለዚህ የሚሻለው በሁለቱ መካከል ያለው ወረቀት ነው።

በፋብሪካ የተሠራ ወረቀት እንደ እንጨት መስመር እንዳለው ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በሚሠራበት ጊዜ ጥቃቅኖቹ ክሮች መኪናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ። አንድ ጋዜጣ በቁመቱና በወርዱ ብትቀዱት፥ በአንደኛው በኩል ቀጥ ብሎ፥ በሌላው በኩል ግን እየጠመመ ሲቀደድ ታያላችሁ። ቀጥ ብሎ በሚቀደድበት አቅጣጫ የታጠፈ ወረቀት ለስላሳ እጥፋት ይይዛል። ወረቀቱን በተመልካች ፊት እየቀዳደደ ጽሕፈቱ ያለበትን መካከለኛውን ክፍል በእጁ የሚያስቀር ሰው፥ ይህን ሳያውቅ ቢሠራ ቃሉ ለሁለት ተከፍሎ ይቀርበታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የወረቀቶቹ መመሳሰል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከቆዩት ዘዴዎች አንዱን እንመልከት። ሰውዬው የመጀመሪያውን ብጣሽ ወደ ግንባሩ አስጠግቶ፥ አስቀድሞ በስውር ያወቀውን የሌላ ሰው ጥያቄ ይናገራል። ባለቤቱ «የኔ ነው!» ሲል፥ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ መስሎ ወረቀቱን ከፍቶ ያያል። በእርግጥ ግን ያን ጊዜ የሚያነበው ገና ያልተናገረውን የሌላውን ሰው ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ብጣሽ ሲያነሣ ከመጀመሪያው ያነበበውን ይናገራል፤ እንዲህ ምንጊዜም በአንድ እየቀደመ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ከወረቀቶቹ አንዱ ጠርዙ የተለየ ቢሆን፥ ባለቤቱ «የተነሣው የኔ አይደለም» ብሎ ባወቀ ነበር። ስለዚህ ብጣሾቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተቆረጡና በአንድ ዓይነት የሚታጠፉ ናቸው።

እስከዚህ የተናገርነው ተመልካቹ ለመደሰት ብሎ ከፍሎ ስለሚገባበት ጨዋታ ነው። ይኸው ወረቀት ግን በሌላ ሰው እጅ ሲገባ መልኩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1848 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ፎክስ የተባሉ እኅትማማቾች ከሙታን ጋር እንነጋገራለን ካሉ ወዲህ፥ መናፍስት ጠሪዎች በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ተበራከቱ። ከእኅትማማቾቹ አንዷ በ1888 ዓ.ም. ነገሩ ማታለል እንደ ነበረ በሕዝብ ፊት ብትናገርም ንግዱ አልቆመም። ልጁ የሞተበት አባት የልጁን ስም በብጣሽ ጽፎ ያቀርባል፤ ጠሪውም ብጣሹን ሳይከፍት ስሙን ይናገርና ገንዘቡን ይቀበላል።

እነዚህ ሰዎች የታሸገ ፖስታ ቢሰጣቸውም አይቸገሩም ነበር። በአልኮል የራሰች ትንሽ ስፖንጅ በእጃቸው ሸሽገው የፖስታውን ጀርባ ያብሳሉ። ቅቤ የነካው ወረቀት ብርሃን እንደሚያሳልፍ በየቤታችን አይተናል። ወረቀት ከወዲያ ማዶ የማያሳየው በክሮቹ መካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበታትነው ነው፤ ቅቤው ወይም አልኮሉ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ግን ውስጡ ያለው ጽሕፈት ይታያል። ቅቤ ምልክቱን ይተዋል፤ አልኮል ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ፖስታው እንደ ነበረ ይሆናል። ጽሕፈቱ በእስክሪብቶ ከሆነ አልኮሉ ቀለሙን ሊያፈሰው ይችላል፤ እርሳስ ግን አይነካም። ብጣሹን የሚያድለው ሰው እርሳሱንም አብሮ የሚያድልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ይህ ያልተማረውን ሰው ያታልል እንደ ሆነ ነው እንጂ እኛን አያገኘንም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንግዲያውስ ቶማስ ኤዲሶንን ያስብ። በዚያ ዘመን በርት ሪስ የሚባል፥ እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. የሞተ፥ የታጠፈ ወረቀት በማንበብ የታወቀ ሰው ነበረ። ኤዲሶን ስለ ኤሌክትሪክ ባትሪ ምርምሩ አንድ ጥያቄ ጽፎ ሪስን ፈተነው። ሪስ ጥያቄውን ዐውቆ ሲመልስለት፥ ያ ታላቅ ፈልሳፊ በሰውዬው ችሎታ አመነ፤ ስለ እውነተኛነቱም ለአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ታዋቂው ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒ ግን ሪስን በሥራው ላይ እንደ ያዘው ተናግሯል። ሁዲኒ በ1924 ዓ.ም. ስለ መናፍስት ጠሪዎች ማታለል አንድ መጽሐፍ ያወጣ ሰው ነው።

ኤዲሶን የተታለለው ዕውቀት አንሶት አይደለም። በቤተ ሙከራው የሚመረምራቸው ብረትና ኬሚካል አይዋሹም ነበር፤ ሰው ግን ይዋሻል። የዕቃን ጠባይ መመርመር የለመደ ሰው የእጅን ፍጥነት መመርመር ላይችል ይችላል። ሁዲኒ እንደ ኤዲሶን ያለ ምርምር አልነበረውም፤ ነገር ግን ምትሃተኛ በመሆኑ በመጀመሪያ የሚመለከተው እጅንና ወረቀትን ነበር።

ለእኛም ከዚህ የሚተርፍ ምክር አለ። በበዓል ወይም በትምህርት ቤት የመዝናኛ ምሽት ይህን ጨዋታ ለመለማመድ የሚፈልግ ወጣት፥ ወረቀቱን በልክ ቆርጦ፥ እጥፋቱን ደጋግሞ ሠርቶ፥ ወዳጆቹን ያስደስት። ጨዋታ መሆኑን ከተናገረ ማንንም አልበደለም። ነገር ግን አንድ ሰው «የተሰወረውን ዐውቃለሁ» ብሎ ስለ ሕመማችሁ፥ ስለ ጠፋ ገንዘባችሁ ወይም ስለ ሞተ ዘመዳችሁ ጻፉልኝ ቢላችሁ፥ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን ማን አመጣው ብላችሁ ጠይቁ። ከገዛ ደብተራችሁ ወፍራም ወረቀት ቅደዱ፤ በራሳችሁ እስክሪብቶ ጻፉ፤ እርሱ እንዳዘዛችሁ ሳይሆን እንደ ወደዳችሁ እጠፉ፤ ከእጃችሁም አታውጡት። እውነተኛ ልብ አንባቢ ከሆነ ይህ ሁሉ አይከለክለውም። «ዛሬ መንፈሱ አልመጣም» ካለ ግን፥ ያጣው መንፈሱን ሳይሆን ወረቀቱን መሆኑን ዕወቁ።