መጋቢ ወደ መስክ ሲወጣ

ከነገረ መለኮት ትምህርት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ለመማር ብታስቡ፣ መጻሕፍቱ አይቸግሯችሁም። ስድስት ኪሎ በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለው። የሚከብደው የመስክ ሥራው ነው። አጥኚው ወራትን ከሕዝቡ ጋር ይኖራል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ እርቅ ሲፈጸም ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ማታ ያየውን ይጽፋል። እኛ ሰባኪዎች ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ መናገር ይቀናናል።

ጥቅሙን ለማየት ዶናልድ ዶንሃም የተባለው አሜሪካዊ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ማሌ ሕዝብና ስለ አብዮቱ ያሳተመውን መጽሐፍ አንብቡ። ከሚሲዮናውያን ወንጌልን የሰሙ ማሌዎች በአብዮቱ መጀመሪያ ከለውጡ ጎን እንደ ቆሙ ያሳያል። ስለ ወንጌላውያንና ስለ ደርግ ስናወራ ከስደቱ ስለምንጀምር፣ ይህ ገጽ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጸሐፊው የደረሰበት መንደሩ ውስጥ ስለ ኖረ ነው።

መጋቢ ለሆነ አጥኚ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሰዎች ምስጢራቸውን የሚነግሩት ለማን ነው፣ ለእረኛቸው ወይስ ለተማሪው? በምክር አገልግሎት የሰማችሁትን፣ ስም ቀይራችሁም ቢሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አታድርጉት። ከተቻለ ጥናታችሁን ከምታገለግሉበት አጥቢያ ውጭ አካሂዱ። ካልተቻለም “ዛሬ የመጣሁት ለትምህርቴ ነው” ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ መጋቢን እምቢ ማለት ለምእመን ቀላል አይደለምና፣ ማመንታቱን እንደ እምቢታ ቆጥራችሁ ደብተሩን እጠፉት።